ከዘጠነኛው ሳምንት በኋላ

ሁለቱ ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ዜሮ ነጥብ ሰባ አንድ፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠና ሰባት። ፕሮፌሰሯ ሁለተኛውን በቀይ እርሳስ ከበቡትና ወረቀቱን ወደ ተማሪያቸው አዞሩት።

«እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ሰው ናችሁ» አሉ። «ከዘጠነኛው ሳምንት በኋላ ምን እንደሆናችሁ እንጃ።»

ተማሪያቸው የእንስሳት ሐኪም ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው የወተት ላሞችን አረማመድ ነበር። ግማሾቹ ላሞች ጎማ በተነጠፈበት ወለል ላይ፣ ግማሾቹ ደግሞ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ሃያ አራት ሳምንት ከረሙ፤ የትኞቹ ይበልጥ ያነክሳሉ የሚለው ነበር ጥያቄው። መለኪያው ዓይን ነው። ላሞቹ ታልበው በጠባቡ መተላለፊያ አንድ በአንድ ሲወጡ ሁለት ታዛቢዎች ቆመው ለእያንዳንዷ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣሉ። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ለምትራመደው አንድ፣ እግሯን መሬት ማስነካት ለተሳናት አምስት። ከዚያ የሁለቱ ሰዎች ነጥብ ምን ያህል እንደሚገጥም ይሰላል፤ ፍጹም ከገጠመ ውጤቱ አንድ ነው። ሰባ አንድ ጥሩ ነው። ዘጠና ሰባት ግን ከጥሩ አልፎ ያስፈራል።

«ሁለት ሰው እንዲህ አያይም» አሉ ፕሮፌሰሯ። «እንዲህ የሚገጥመው ግልባጭ ነው። አንዳችሁ የሌላውን ወረቀት እያያችሁ ሞልታችኋል።»

ተማሪዎቹ እኚህን ሴት «ሚዛን» ይሏቸዋል። ደረቅ ናቸው ብሎ ያማቸው ብዙ ነው፤ አድልተዋል ብሎ ያማቸው ግን የለም። ሐኪሟ የማንንም ወረቀት እንዳላየች ነገረቻቸው። እውነቷን ነበር።

«እንግዲያው…» አሉ ሚዛን፤ ዓረፍተ ነገሩንም እዚያው ተዉት። መጨረስ አላስፈለጋቸውም። ታዛቢዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው።

ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ የተዘጉ በሮች፣ መጨረሻው ላይ አንድ መስኮት። እመስኮቱ ጋ ስትደርስ ማን እንደሆነ በልቧ ወስናለች።

ሁለተኛው ታዛቢ የእርሻው የበረት ኃላፊ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ዘግቶ በረት የገባው አባቱ ሞቶ ታናሽ እህቱን የሚያስተምር በመጥፋቱ ነበር። እህቱ ዛሬ ነርስ ናት፤ እሱ እዚያው በረቱ ውስጥ ቀርቷል። ሠራተኞቹ «ዓይናማው» ይሉታል፤ ዛሬ ደህና የምትበላ ላም አይቶ ነገ መኖ እንደምትተው ይናገራልና። የቀጠረችው እሷ ራሷ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ሚዛን ሁለቱንም አስቁመው አንድ ሕግ አወጡላቸው፤ ጥናቱ እስኪዘጋ ድረስ ስለ ላም እርስ በርስ ትንፍሽ እንዳይሉ። አንዱ «ያቺ ላም ዛሬ ከፋች» ካለ የሌላው ዓይን ይበላሻል።

ሕጉ የማይሆን ሕግ ነበር። ከላም ሌላ ወሬ የሚያውቅ ከሁለቱ አንድም አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከወተት ማቀዝቀዣው ክፍል ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ዳቦአቸውን ይዘው፣ እንደ ጸበኛ ባልና ሚስት ፊት ለፊታቸው ያለውን ግድግዳ ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ዶክተሬ፣ ስለ ሰው እናውራ እንጂ ምን ይደረጋል?» አለ።

ስለ ሰው አወሩ። እህቱን ሲያሳድግ ሥጋ አይስማማኝም እያለ ዓመታት እንደዋሻት፣ እህቱም ነርስ ሆና ስትመለስ ለምን እንደማይስማማው ልትመረምረው እንደተነሳች ነገራት። እሷ ደግሞ እናቷ ዳኛ እንደነበረች፣ ልጅ ሳለች ብስክሌት ስትለምን ሦስት ምስክር አቅርቢ እንደተባለች፣ ሁለቱ ምስክሮች ቀርበው ሦስተኛው በጉንፋን ስለቀረ ነገሩ በቀጠሮ እንደተላለፈ አወራችው። ያን ቀን እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓት አጠረባቸው። ስለ ላም እንዳያወሩ ቢከለከሉ፣ ለማንም ያላወሩት ሁሉ ወጣ።

ከአላቢዎቹ ሁሉ አንጋፋዋ፣ ሁሉም «እትዬ ባልዲ» የሚሏቸው ሴት፣ በአጠገባቸው ባለፉ ቁጥር ሳይተነኩሷቸው አይሄዱም።

«እናንተ ልጆች» አሉ አንድ ቀን፣ «ላም ተከልክላችሁ እንዲህ ከሆናችሁ፣ ሲፈቀድላችሁ ምን ልትሆኑ ነው?»

እሱ አቀረቀረ። እሷ ዳቦዋን አየች። በሃያ ሁለተኛው ሳምንት ግን፣ ዕቃ እየሰበሰቡ ሳለ፣ ጥናቱ ሲዘጋ የሚነግራት ነገር እንዳለው ነገራት። ስለ ላም ነው ወይ አለችው። አይደለም አላት። ታዲያ ምን አስጠበቀህ ስትለው ጥቂት አሰበና፣ «ዛሬ ከነገርኩሽ ነገ ነጥብ መስጠት ያቅተኛል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመዝገቧ ጠርዝ ላይ ቀን ትቆጥር ጀመር። አሥራ አራት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት።

እንግዲህ ያ የተቆጠረለት ቀን ይህ ነው። ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ይዛ ወደ እርሻው የመጣችበት።

አግዳሚው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጓል። እሱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሁልጊዜ በጎማ ቦት የምታውቀው ሰው ጫማ አድርጓል፤ ጫማውንም ቀብቷል። ሁሉንም አየች። ማየት ሥራዋ ነውና አንዱም አላመለጣት። እያየችው ግን የተናገረችው ኮሪደሩ ውስጥ የወሰነችውን ነበር።

«የቢሮው ቁልፍ አንተ ጋ ነው፤ አይደል?»

«አዎ።» ገና ፈገግ እንዳለ ነው።

«መሳቢያው ውስጥ የማስቀምጠውን የነጥብ ወረቀቶቼን ፖስታ ከፍተህ ታውቃለህ?»

ያደገችበት ቤት፣ አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር መሳቢያ የሚቆለፍበት ቤት ነው። ያን ጊዜ ይህን አላሰበችውም። ፈገግታው ፊቱ ላይ፣ ባለቤቱ ጥሎት እንደሄደ ዕቃ፣ ጥቂት ቆየ። ከዚያ የቁልፎቹን ቀለበት ከኪሱ አወጣ። ቀለበቱ ጠባብ ስለነበር አንዷን ቁልፍ ለመንቀል ጊዜ ወሰደበት። ነቅሎ በመካከላቸው አግዳሚው ላይ አኖራት።

«ይውሰዱት፣ ዶክተር» አለ።

ሃያ አራት ሳምንት «አንቺ» ብሏታል። «እርስዎ» መባሉ እንደ ጥፊ ፊቷን አጋለው።

«ልትነግረኝ የነበረው ነገር…» አለች፤ ለምን እንዳነሳችው ራሷም አላወቀችም።

«አለፈ።»

በረቱ ውስጥ ገባ። የተቀባው ጫማ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ሲሄድ ድምፅ ነበረው፤ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠችው። ከጠፋም በኋላ ጆሮዋ ፍለጋውን አላቆመም።

በሳምንቱ የለም። እርሻው ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ የሚያስኬድ ሌላ ቅርንጫፍ አለው፤ እዚያ መድቡኝ ብሎ ሄዷል። ይህን የነገሯት እትዬ ባልዲ ናቸው፤ ሲነግሯትም እንደ ወትሮው ቀና ብለው አላዩአትም።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ፣ ባልዲያቸውን እያጠቡ። «ያ ልጅ ስንት ዓመት የእርሻውን ቁልፍ ይዞ ኖረ፤ አንድ ጠብታ ወተት ጎደለ ያለው የለም።»

ሚዛን በበኩላቸው ግምት አይወዱም። ከመተላለፊያው በላይ የተሰቀለ ካሜራ አለ፤ ሃያ አራቱንም ሳምንት ቀርጿል። ቢሯቸውን ዘግተው፣ የማንንም ነጥብ ሳያዩ፣ እያንዳንዷን ላም ራሳቸው እንደገና መዘኑ። ሦስት ሳምንት ወሰደባቸው። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ተማሪያቸውን አስጠርተው አስቀመጧት።

የእሱ ነጥብ ከሚዛን ነጥብ ጋር ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው ይገጥማል፤ ከጥቂት ላሞች በቀር ያልተዛነፈ፣ ያልደከመ። የእሷም እስከ ስምንተኛው ሳምንት መልካም ነው። ከዘጠነኛው በኋላ ግን ከላሞቹ ለቆ ወደ እሱ ነጥብ ይሄዳል። እሱ የተሳሳተባቸው ጥቂት ላሞች ላይ ሳይቀር፣ እሷም አብራ ተሳስታለች።

«የገለበጠው እሱ አይደለም» አሉ ሚዛን። «አንቺ ነሽ።»

«ወረቀቱን አይቼ አላውቅም!»

«አምንሻለሁ። ስለዚህ ቁጭ በይና ምን እንዳየሽ እይ።» ኮምፒዩተራቸውን ወደ እሷ አዞሩላት፤ እሳቸውም የሚያስተምረው ክፍል እንዳለው ሰው ደብተር ይዘው ወጡ።

መዝገቧን ገለጠች። በዘጠነኛው ሳምንት ገጽ ላይ በገዛ እጇ ጽፋለች፦ «በቧንቧ ጥገና ምክንያት የመቆሚያ ቦታዬ ወደ ማዶ ተዛውሯል።» እስከዚያ ድረስ ሁለቱ በአንድ ወገን፣ በግንብ ተከልለው ይቆሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት ሆኑ። ጽፋዋለች፤ አላሰበችውም።

የሃያኛውን ሳምንት ቀረጻ ከፈተች። ላሞቹ ይወጣሉ። በስተቀኝ እሱ ቆሟል፤ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ከሰኮናው ሳይነቅል። ላሟ ስታነክስ የግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ሕመሙ የገዛ እግሩ ላይ ያለ ይመስል። በስተግራ አንዲት ሴት ሰሌዳ ይዛ ቆማለች። ላሟ በፊቷ ታልፋለች፤ የሴትየዋ ራስ አብሮ አይዞርም። ዓይኗ ማዶ ነው። ትከሻው ዝቅ ሲል እጇ ይጽፋል።

ወረቀት አወጣች፤ በሁለት ዓምድ ከፈለችው፤ ቆጠረች። አንዱንም ሳትዘል በሥርዓት ቆጠረች። አርባ ሁለት ላም አለፈ። ሴትየዋ ያየችው አሥራ አንዱን ነው። ሠላሳ አንድ ጊዜ ያየችው እሱን ነበር። ያቺን ሴት «እኔ» ለማለት እስከ ዓምዱ መጨረሻ አልደፈረችም።

ከዚያ ሌላ ነገር ቆጠረች፤ ባትቆጥረው በተሻላት። እሱ ስንት ጊዜ ቀና ብሎ እንዳያት። ዘጠነኛውን ሳምንት፣ አሥረኛውን፣ አሥራ አምስተኛውን ከፈተች። ዓምዱ ባዶ ሆነ። አንድም ጊዜ አላያትም።

ሚዛን ሲመለሱ ዓይኗ ቀልቶ አገኟት። አላጽናኗትም፤ አልተቆጧትምም። ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ ያለው ነጥቧ ይሰረዛል፣ የእሱ ይጸናል፣ የመመረቂያ ጽሑፏ ላይም ምክንያቱ ይጻፋል አሉ።

«ምን ብዬ ልጻፈው?»

«እውነቱን» አሉ ሚዛን። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «በአጭሩ።»

ደረጃውን ስትወርድ የሠራችው በደል ሳይሆን ባዶው ዓምድ ነበር የሚከብዳት፤ በዚህም በራሷ አፈረች።

እናቷ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ችሎቱ ግን ከእሷ ጡረታ አልወጣም። ዓይናማውን አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ ልጇን በመኪና ልትወስድ የመጣች ቀን፣ አግዳሚው ላይ። ያን ጊዜ መንገድ ላይ «ትሁት ልጅ ነው» አለች፤ ቀጥላም፣ «ትሁት መሆኑም ተገቢ ነው» ብላ መሪውን አዞረች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ዶክተር ወለድኩ ብዬ ስኩራራ የላም ሐኪም ሆንሽብኝ፤ እሱን ዋጥኩት። ሁለተኛውን ግን አልውጥም» ብላታለች።

አሁን ቁርስ ላይ ሁሉንም ሰማች። ልጇ ምንም አላስቀረችም። እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ማስረጃሽ ምን ነበር?»

«ቁልፍ ነበረው።»

«ቁልፍ ያለው ሁሉ ሌባ ከሆነ የአገሩ ዘበኛ ሁሉ ይታሰር። ሠላሳ ዓመት ችሎት የተቀመጥኩት ልጄ እንዲህ እንድትፈርድ ነው?»

«መሳቢያ እየተቆለፈ ነው ያደግኩት፣ እማዬ።»

እናቷ ወደ ቁም ሳጥኑ መሳቢያ አላየችም፤ ላለማየት ስትጠነቀቅ ግን ያስታውቅባት ነበር።

ደብዳቤ እንደጻፈችለት ነገረቻት። አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ቀድዳዋለች፤ አምስተኛው ፖስታ ውስጥ ነው። እናቷ ራሷን ነቀነቀች። «ፊት ለፊት የፈረድሽበትን በፖስታ አትሽሪውም። ሂጂና ፊቱ ቆመሽ ንገሪው።» ተነስታ ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ ጀርባዋን ሰጥታም፣ «ይቅርታ ብለሽ ትመለሻለሽ። ይቅርታ ብቻ ነው ያልኩሽ» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

ይቅርታ ብቻ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ውሃው ሳህኖቹ ላይ ሲፈስ፣ ልጅ የእናቷን ትከሻ ከኋላ አይታ፣ ይህችም ሴት የምትፈራው ነገር እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማት፤ ራራችላት።

እሑድ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተንገላታ ደረሰች። ቅርንጫፉ ከዋናው እርሻ ያንሳል፤ አንድ በረት፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ የሽቦ አጥር። ዓይናማው አንዲት ላም በብረት ማቆሚያ ውስጥ አስሮ፣ የኋላ እግሯን በገመድ አንስቶ፣ ሰኮናዋን ይከረክማል። አይቷታል። ቢላዋ የያዘ ሰው አይጠራምና እሷም አልጠራችውም፤ አጥሩ ጋ ቆማ ጠበቀች። ቢላዋው አንዲት ጥቁር ነጥብ ተከትሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ መግሉ ፈሰሰ፤ ላሟ ተንፈስ አለች። ቀዳዳውን አጠበው፤ አልሸፈነውም። እግሯን ቀስ አድርጎ አወረደላት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር።»

«ደብዳቤ ይዣለሁ።»

«ያንብቡልኝ። እጄ ቆሻሻ ነው።»

አነበበችለት። ደብዳቤው አጭር ነበር፦ «ከዘጠነኛው እስከ ሃያ አራተኛው ሳምንት የሰጠሁት ነጥብ ስህተት ነው። ስህተቱ የእኔ ብቻ ነው። የአንተ ነጥብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትክክል ነው። ይህ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይም ተጽፏል። በሌብነት ጠርጥሬህ ነበር፤ የሠረቅኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱ፦ አንደኛዋ ታዛቢ ላሞቹን አትመለከትም ነበር።»

እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄዶ ነበር፤ ውሃውን ሳይከፍት ቆመ።

«ምን ነበር ታዲያ የምታይው?»

ይህኛው በደብዳቤው ውስጥ አልነበረም። አምስት ጊዜ ስትጽፍ አምስት ጊዜ ብዕሯ ያለፈው ነው።

«ቀረጻው ላይ ቆጠርኩት» አለች። «አርባ ሁለት ላም አለፈ፤ ያየሁት አሥራ አንዱን ነው። ሠላሳ አንድ ጊዜ ያየሁት አንተን ነው። ላሟ ስታነክስ የግራ ትከሻህ ዝቅ ይላል። እኔ ነጥብ የምሰጠው ለትከሻህ ነበር።»

የግራ ትከሻውን፣ ሌላ ሰው አምጥቶ ያስቀመጠበት ይመስል፣ ዘወር ብሎ አየው። ሳቅ ሊመጣው ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ፕሮፌሰሯ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ ሲሉሽ፣ እሱ ነው ብለሽ ለማመን ምን ያህል ጊዜ ወሰደብሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ፣ አለቀስኩ፣ አላመንኩም ማለት ትችል ነበር። የምትለካ ሴት ናት፤ የለካችውን ነገረችው።

«ኮሪደሩን እስክጨርስ።»

«ኮሪደሩ ስንት ነው?»

«ሰማንያ እርምጃ ይሆናል።»

«ሰማንያ እርምጃ» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ሁሉ ጊዜ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን።»

ይቅርታ አድርግልኝ አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ደጋግማ ብትለው ራሷን ለማሳረፍ ይሆንባታልና። እሱ ውሃውን ከፈተ፤ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ከታጠበም በኋላ መታጠቡን ቀጠለ። የተጠረጠረ ሰው እንዲህ እንደሚታጠብ ስታይ መሄድ እንዳለባት አወቀች፤ አንድ ነገር ግን ሳትጠይቅ ብትሄድ ዕድሜ ልኳን እንደሚቆጫትም አወቀች።

«ቀረጻው ላይ ሌላም ቆጠርኩ» አለች። «አንተ ስንት ጊዜ እንዳየኸኝ። አንድም ጊዜ አላየኸኝም። ያን ቀን የምትነግረኝ ምን እንደነበር ልጠይቅህ መብት የለኝም። ግን እኔ ያሰብኩት ካልሆነ ንገረኝና ልረፍ።»

ውሃውን ዘጋ። እርጥብ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ።

«ላይሽ ስላልፈለግኩ መሰለሽ?» አለ። «ማዶ መጥተሽ የቆምሽ ቀን፣ ቀና ካልኩ ወደ ላሟ መመለስ እንደማልችል አውቄው ነበር። ስለዚህ ቀና አላልኩም። አሥራ ስድስት ሳምንት አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። አንገቴ ያመኝ ነበር፤ እህቴ መድኃኒት ስትሰጠኝ ከየት እንደመጣ አልነገርኳትም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ያን ቀን ልነግርሽ የነበረው ይህን ነው። ጥናቱ ተዘግቷል፣ እንግዲህ እስክጠግብ ልይሽ፣ ትፈቅጂልኛለሽ ወይ ልልሽ ነበር። ጫማዬን ቀብቼ።»

አጥሩን ያዘች። ያ ባዶ ዓምድ፣ ያ ሌሊቱን ያስለቀሳት ባዶ ዓምድ፣ ከላይ እስከ ታች በእሷ የተሞላ ነበር። እጇን ዘረጋች። እሱ እጇን አየው፤ አልያዘውም፤ ወደ ታሰረችው ላም በአገጩ አመለከተ።

«ቁስሏን ሳልሸፍነው አይተሻል። ከላይ ቶሎ ከዘጋሁት ውስጥ ለውስጥ ይመግላል። ከሥር ነው መዳን ያለበት።»

«ስንት ጊዜ ይፈልጋል?»

«እሷ ሦስት ሳምንት። የእኔን እንጃ።»

እጇን መለሰች። ተቀብሎት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ልቧ ውስጥ አይገባም ነበር። ስለ እናቷ ጠየቃት፤ ይቅርታ ብለሽ ተመለሺ እንዳለቻት ነገረችው።

«ይቅርታ ብቻ?»

«ብቻ።»

«እሳቸውም ገብቷቸዋል ማለት ነው» አለ፤ ያን ጊዜ ፈገግ አለ፤ ትንሽ፣ ድካም ያለበት፣ የእውነቱን።

የመመለሻው አውቶቡስ በአጥሩ ጥግ ላይ ሞተሩን አስነስቷል። አብሯት እስከ መንገዱ ሄደ፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ነበር፤ ያን ክፍተት በእያንዳንዱ እርምጃ ታውቀው ነበር። በየእሑዱ አውቶቡስ እንዳለ ነገረችው፤ ሳታስበው የወጣ ለማስመሰል ሞክራ አልሆነላትም።

«የሚመጣው እሑድ አትምጪ» አለ።

ለመሳፈር ያነሳችውን እግሯን አወረደች።

«ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነይ። የሚመጣውን ግን አትምጪ። ሳትመጪ ስትቀሪ ምን ያህል እንደሚያመኝ ማወቅ አለብኝ። ከቁጣዬ ይብስ እንደሆነ።»

ልትከራከረው ፈልጋ ነበር። ግን የለመነው ፈተና ፍትሐዊ ነው፤ እሷ ራሷ ብታስብበት ከዚህ የተሻለ አታወጣለትም ነበር። እሺ አለችው። ወጣች፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። እሱ አቧራው ውስጥ ቆሟል፤ እጁን አላውለበለበም። አንገቱን ቀና አድርጎ ያያታል፣ ለመጠንቀቅ ምንም ምክንያት እንደሌለው ሰው፣ ሳይቸኩል፣ ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ። ደሟ ጉንጯ ላይ ሲወጣ ተሰማት፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አሥራ አራት ቀን ነው ብላ አሰበች፤ አሥራ አራት ቀን ብዙ አይደለም፣ ሰው ይችለዋል። ሹፌሩ ገና መታጠፊያውን ሳይዞር ናፍቆቱ ጀመራት።